«እኔ ማን ነኝ?» ከማለታችን በፊት ጉዱ ካሳን እንጠይቀው

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ብዙ የቋንቋ መምህራን የመጀመሪያውን ድርሰት «እኔ ማን ነኝ?» በሚል ርዕስ ያጽፋሉ። እኔ አላጽፍም።

የማስተምረው ድሬዳዋ ነው። አማርኛ፣ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል። አንዱ ክፍል ውስጥ ስድሳ ገደማ ልጆች ይቀመጣሉ። እቤታቸው ኦሮምኛ የሚያወሩ አሉ። ሶማሊኛ የሚያወሩ አሉ። ሐረሪ ከአያቶቻቸው እየሰሙ ያደጉ አሉ። አማርኛ ብቻ የሚያውቁም አሉ። ሰፈር ውስጥ ሲጫወቱ ግን ሁሉንም ይቀላቅሉታል፤ ድሬ ነዋ! ከተማዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት። የሠራት ከየአቅጣጫው እንጀራ ፍለጋ የመጣ ሰው ነው። የእኔም አባት ከሌላ አገር መጥቶ፣ ሽመንደፈር፣ ማለትም ባቡሩ ድርጅት፣ ተቀጥሮ፣ እዚሁ ጡረታ የወጣ ሰው ነው።

እነዚህን ልጆች ገና በመጀመሪያው ሳምንት «ማን ነህ? ማን ነሽ?» ብላቸው ምን እንደሚጽፉልኝ አውቀዋለሁ። ግማሹ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ የሚወደውን ምግብና የሚደግፈውን የእግር ኳስ ቡድን ይጽፋል። ሌላው ደግሞ የቀበሌ ፎርም እንደሚሞላ ሰው ብሔሩንና ሃይማኖቱን ጽፎ ወረቀቱን ያስረክባል። ሁለቱም ስለ ራሳቸው ምንም አልነገሩኝም። ልፈርድባቸው አልችልም። ስለ ማንነት ሲወራ የሚሰሙት በአብዛኛው ሰው ተጋጨ፣ ሰው ተፈናቀለ ከሚል ዜና ጋር ነው። አንድ ልጅ ስድሳ ሰው ፊት ቆሞ «እኔ እንዲህ ነኝ» ካለ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ የአንድ ሕዝብ ተወካይ ይሆናል። የሆነ ቦታ የሆነ ነገር በተፈጠረ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ እሱ ይዞራል። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይህን ሊሸከም አይገባውም።

አንድ ባልደረባዬ ስለዚህ ጉዳይ ስናወራ «እሳት ነው፤ ባትነኪው ይሻላል» አለኝ። ልጆቹን ስለሚወድ ነው እንዲህ ያለው፤ ሐሳቡም ይገባኛል። ግን እኔ ባልነካው ቲክቶክ ይነካዋል። ፌስቡክ ይነካዋል። ልጆቹ ማታ ማታ በስልካቸው የሚያዩትን ሰው ሁሉ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብሎ የሚጠይቅላቸው የለም። እኔ ክፍል ውስጥ ግን አንድ ሕግ አለ። ስለ አንድ ገጸ ባሕርይ ማንኛውንም ነገር ማለት ትችላለህ፤ ገጹን ትጠራለህ። «ገጽ?» እላለሁ። አሁን አሁን እኔ ሳልል እነሱው እርስ በርስ «ገጽ! ገጽ!» ይባባላሉ። ስለ ማንነት ለሚደረግ ክርክር ከዚህ የተሻለ ዳኛ አላገኘሁም። ድምፁ ከፍ ያለው ሳይሆን ገጹን ያገኘው ይረታል።

ስለዚህ ከሌላ ሰው እንጀምራለን። በወረቀት ላይ ካለ፣ ማንም ዘመዱ ካልሆነ ሰው።

የመጀመሪያው ሁልጊዜ ካሳ ዳምጤ ነው፤ አገር ሁሉ «ጉዱ ካሳ» የሚለው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሙሉውን ማስነበብ አልችልም። ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ያለውም ቅጂ ለአንድ ክፍል እንኳ አይበቃም። የመረጥኳቸውን ገጾች ፎቶ ኮፒ አድርጌ በአንድ ለአምስት ቡድን አከፋፍላለሁ። የቀረውን ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ከተረከው ላይ በስልኬና በአንዲት ትንሽ ስፒከር አሰማቸዋለሁ። ከሰዓት በኋላ በድሬዳዋ ሙቀት ስድሳ ልጅ ጸጥ ብሎ ሲያዳምጥ ማየት ለአስተማሪ ትልቅ ነገር ነው። የኋላ ወንበር ሳይቀር ይሰማል።

ሥራው ቀላል ነው። ደብተራቸውን በሦስት ዓምድ ይከፍላሉ። አንደኛው ላይ ሰውየው ምን ተብሎ እንደተጠራ ይጽፋሉ፤ ሁለተኛው ላይ ማን እንደጠራው፤ ሦስተኛው ላይ ያን ጊዜ ምን እየተደረገ እንደነበር። በዚያ ላይ ገጹ አለ። ካሳ ቅኔ የተማረ፣ ነገር አዋቂ ሰው ነው። ሌላው ሰው ዝም ብሎ የተቀበለውን እሱ ይጠይቃል። የዘር ትልቅነት የሚባለውን፣ ባላባቱ በጭሰኛው ላይ ያለውን መብት፣ ልማድ ስለሆነ ብቻ የሚደረገውን ሁሉ ይጠይቃል። አገሩም ለዚህ ያዘጋጀለት መልስ ጉድ ማለት፣ እብድ ማለት ነው።

ዓምዶቹ ሲሞሉ ክፍሉ መንጫጫት ይጀምራል። ሰው የሚሆነውን ይሆናል፣ ሌላው ደግሞ የሚለውን ይላል፤ ሁለቱ አይገጥሙም። ይህን እኔ አልነገርኳቸውም፤ ከዓምዱ ላይ ነው ያነበቡት። አንድ ጊዜ መስኮት አጠገብ የምትቀመጥ፣ ብዙም የማትናገር ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ እብድ ነው ካልነው እኮ መልስ መስጠት አይጠበቅብንም» አለች። ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ ቀስ በቀስ ሳቁ ቆመ። ልጆቹ የገባቸውን ነገር ፊታቸው ላይ አየሁት። አንድ ወንድ ልጅ ከኋላ «እኛስ ክፍል ውስጥ እንዲህ የምንለው ሰው የለም?» ብሎ ጠየቀ። ማን እንደሆነ ማንም አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩም። ግን በዚያ ሳምንት አንድ ልጅ የሚጠራበት የማይረባ ቅጽል ስም ከክፍሉ ጠፋ።

እኔ የምፈልገው ይህን ነው። ስለ ራሳቸው ሳልጠይቃቸው ወደ ራሳቸው ይመጣሉ። በራቸውን ሳላንኳኳ።

የዚሁ መጽሐፍ ዋና ገጸ ባሕርይ በዛብህ ላይ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ነገር ይነሳል። በዛብህ ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ልጅ ነው። ማን እንደሚሆን እሱ ሳይጠየቅ ተወስኗል። አድጎ ዲማ ጊዮርጊስ ይማራል፤ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ሲያስተምር ደግሞ ልቡ ወዴት እንደሄደ ሁላችንም እናውቃለን። በአንድ በኩል የእናት አባቱ ስለት አለ። በሌላ በኩል ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጥተው ጠያቂውን ሁሉ የሚመልሱት ፊታውራሪ አሉ። ለስለቱ በዛብህ የእግዚአብሔር ነው። ለፊታውራሪ የድሃ ልጅ ነው። ለራሱስ? ገጽ ፈልጉ እላቸዋለሁ።

ይህንን ክፍል እንደሚወዱት የተረዳሁት ከጩኸታቸው ነው። ሙስሊም ተማሪዎቼ ስለ ነዝር ያወራሉ፤ ሰው ለአላህ ቃል ሲገባ ምን ማለት እንደሆነ ለክርስቲያን ጓደኞቻቸው ያስረዳሉ። ክርስቲያኖቹ ስለ ቁልቢ ገብርኤል ስለት ያወራሉ። ቁልቢ ከእኛ ቅርብ ነው፤ ታኅሣሥ 19 ሲደርስ ከተማችን በእንግዳ ትጨናነቃለች፤ ሙስሊሙም ያውቀዋል። ከዚያ አንዷ ትነሳና «ዶክተር ትሆኛለሽ ተብዬ ነው የተወለድኩት፤ እኔ ደግሞ ደም ሳይ እወድቃለሁ» ትላለች። በዛብህ ባይኖር ይህን ስድሳ ሰው ፊት የምትናገር አይመስለኝም። ክርክሩ የወላጅ ስለት ልጅን ያስራል ወይ ወደሚለው ይሄዳል። የሚገርመው፣ ልጆቹ በብሔርም በሃይማኖትም አይከፋፈሉም። የበኩር ልጆች በአንድ ወገን ይሆናሉ፣ ታናናሾቹ በሌላ ወገን። የበኩር ልጆች ለበዛብህ እናትና አባት ሲከራከሩ ብትሰሙ! ቤተሰብ የሚጠብቅባቸውን ነገር ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ሆኖም ወላጆቹን ይከላከላሉ።

አንድ አባት ትምህርት ቤት መጥተው አነጋግረውኝ ያውቃሉ። ልጃቸው እቤት ሄዶ «ዛሬ ስለ ማንነት ተማርን» ብሏቸው ደንግጠዋል። «እህቴ፣ ልጆቹን ምንድን ነው የምታስተምሯቸው?» አሉኝ፤ በቁጣ ሳይሆን በስጋት። አልተከራከርኩም። «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ብዬ የልጃቸውን ደብተር ሰጠኋቸው። ሦስቱን ዓምዶች አዩ። ገጾቹን አዩ። «ጉዱ ካሳ» የሚለውን ሲያነቡ ፊታቸው ተፈታ። ወጣት ሳሉ መጽሐፉ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የሬዲዮ ፕሮግራም ሲተረክ ሰፈሩ ተሰብስቦ ያዳምጥ ነበር። ሬዲዮ ያለው ቤት አንድ ብቻ ስለነበር ሰው በረንዳው ላይ ይሞላ ነበር አሉኝ። ሰውየው አማርኛን የለመዱት ሥራ ላይ ነው፤ እናታቸው ቤት የሚነገረው ኦሮምኛ ነበር። «ያን ጊዜ በዛብህ የእኛም ልጅ ነበር» አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ልጃቸው የአባቱን ትዝታ በሁለት ገጽ ጽፎ መጣ። አላዘዝኩትም።

«ጦቢያ»ን የማመጣው ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ያሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው። ቋንቋው ለዛሬ ልጅ ይከብዳል፤ አልዋሽም። ስለዚህ እየቆረጥኩ፣ እየተረክኩ፣ ጥቂቱን ብቻ እያስነበብኩ ነው የምሄደው። ግን ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ የወጣችበት ቦታ ላይ ስንደርስ ማንም አይተኛም። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ልብሱን ስትቀይር ምኗ ተቀየረ? እሷ ውስጥ የተቀየረውን በአንድ ወገን፣ ሌላው ሰው ለእሷ የሚያሳየውን ጠባይ በሌላ ወገን ይጽፋሉ። ሁለተኛው ወገን ሁልጊዜ ይረዝማል።

ሴቶቹ ይህን ሲያዩ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ከቀፊራ ገበያ እስከ ቤት ከመሸ በኋላ መሄድ ለእነሱ ምን እንደሆነ፣ ወንድማቸው ያንኑ መንገድ እንዴት እንደሚሄደው ያወራሉ። ወንዶቹ መጀመሪያ ይቀልዳሉ። በኋላ ይሰማሉ። አንዱ «እኔ እኮ በዚያ መንገድ ስሄድ ስለ ምንም አስቤ አላውቅም» አለ። ለእኔ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአሥር ገጽ ድርሰት ይበልጣል። ሴቶቹም ወዲያው ጻፉት፤ አንዷ ደብተሯ ጀርባ ላይ ጽፋው እስካሁን አለ።

ስለ «አዲስ ዓለም» ብዙ አልልም። ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. የጻፉት ነው፤ አወቀ የሚባል ልጅ ፓሪስ ተምሮ ተጉለት ሲመለስ በሠርግና በተዝካር ጉዳይ ከዘመዶቹ ጋር የሚጋጭበት። ለእኛ ልጆች ቅርብ ነው። ከጅቡቲ፣ ከጅዳ፣ ከካናዳ ለእረፍት የሚመጣ አጎት የሌለው ማን አለ? አጎቱ ይመጣል፣ ውኃው ያስቸግረዋል፣ ሙቀቱ ያስቸግረዋል፣ ዘመድ ደግሞ «ተቀይሯል» ይላል። አንድ ፔሬድ ይበቃዋል።

ረዘም አድርጌ ላወራበት የምፈልገው ነገር ሌላ ነው። ክፍሌ ውስጥ «አማርኛዬ የተሰበረ ነው» ብለው የሚያፍሩ ልጆች አሉ። አፋቸውን በሌላ ቋንቋ የፈቱ ናቸው። ከገጠር ቀበሌ ወደ ከተማ ተዛውረው የመጡ ናቸው። ሲናገሩ ይሳቅባቸዋል። እነዚህ ልጆች ሥነ ጽሑፍ የሌላ ሰው ቤት ይመስላቸዋል። ለእነሱ ስል አንድ ሙሉ ሳምንት ስለ ደራሲዎቹ ራሳቸው እናወራለን። በዓሉ ግርማ ኢሉባቦር ተወልዶ፣ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ አባቱ ህንዳዊ ነበሩ። ከዚያ ሰው ነው «ከአድማስ ባሻገር» እና «ኦሮማይ» የወጡት። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ዐድዋ አጠገብ ተወልዶ ትግርኛ እየተናገረ ያደገ ሰው ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የአምቦ አካባቢ የቦዳ ልጅ ነው፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም የቤቱ ነበር። የዛሬውን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ስናስብ እነዚህን ሦስት ሰዎች ብናወጣ ምን ይቀረናል?

ይህን ስነግራቸው የአንዳንዱ ልጅ አቀማመጥ ይለወጣል። ቀና ይላል። «በዓሉ ኦሮምኛ ይችላል?» ብሎ ሦስት ጊዜ የጠየቀኝ ልጅ አለ። ከዚያ ገብረ ክርስቶስ ደስታን እጨምርላቸዋለሁ፤ ሠዓሊውንና ገጣሚውን። የሐረር ልጅ ነው። ሐረር ደግሞ ከእኛ ብዙም አትርቅም፤ ዳገቷን ወጥቶ መድረስ ነው። ጀርመን የተማረ፣ ሕይወቱ በስደት አሜሪካ ያለፈች ሰው ነው። «ሀገሬ» የሚለውን የናፍቆት ግጥሙን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። አላስተነትነውም። ከዚያ «ከድሬ ርቃችሁ ብትሄዱ የሚናፍቃችሁን ነገር ጻፉ፤ ትልልቅ ቃል አልፈልግም፤ የሚሸት፣ የሚሰማ፣ የሚዳሰስ ብቻ» እላለሁ። የሚጽፉት ያስገርመኛል። የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ። የቀፊራ ቅመም ሽታ። ሙቀቱ ሲበዛ ሰው ግቢ ውስጥ ፍራሽ አውጥቶ የሚተኛበት ሌሊት። የአያት ሐሸር፣ ከቡና ገለባ የሚፈላው። ከአንድ መስጊድ የሚጀምረው አዛን ወደ ሌላው ሲሻገር፣ መሐል ላይ የሚሰማው የቤተ ክርስቲያን ደወል። እዚህ ላይ ስም ሸፍኜ ወረቀቱን ባሳያችሁ የማን ልጅ እንደጻፈው መለየት አትችሉም። የምለየው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም በእጅ ጽሑፋቸው።

የዓመቱ ማጠቃለያ ሥራ ላይ ምርጫ እሰጣለሁ። ወይ ስለ ራስህ ጻፍ፣ ወይ ደራሲው ያልጻፈውን አንድ ትዕይንት ጻፍ። አብዛኛው ሁለተኛውን ይመርጣል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ባለፈው ዓመት ከምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር የመጣ አንድ ልጅ፣ በዛብህ ከጎጃም ሸሽቶ አዲስ አበባ የደረሰበትን ቀን ጻፈ። መጽሐፉ ውስጥ የሌለ ትዕይንት ነው። በዛብህ ውኃ ይጠይቃል፤ ሰዎቹ በአነጋገሩ ይስቃሉ። በዛብህ ዝም ይላል። ዲማ ላይ ስንት ሰው ቁጭ ብሎ ቅኔውን ይሰማ እንደነበር ያስባል፤ ከዚያ ውኃውን ሳይጠጣ ይሄዳል። ልጁ ስለ ራሱ አንድ ቃል አልጻፈም። ክፍሉ ግን ገባው፤ ምክንያቱም መስከረም ላይ ማን እንደሳቀበት ሁሉም ያውቃል። እሱ ፈቅዶ ጽሑፉ በሚኒ ሚዲያ በእረፍት ሰዓት ተነበበ። ያነበበው ከሳቁት ልጆች አንዱ ነው፤ ራሱ ነው የጠየቀው።

ማርክ እንዴት ትሰጫለሽ ለሚሉኝ መምህራን፦ ለስሜት ማርክ የለኝም። ለገጽ፣ ለማስረጃ፣ ለዓረፍተ ነገር፣ ገጸ ባሕርይውን በትክክል ለማወቅ ነው የምሰጠው። አንድ ልጅ ሕመሙን ጽፎ ስላስለቀሰኝ ማርክ ከጨመርኩለት፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላው ልጅ ማርክ ለማግኘት ሕመም ይፈጥራል። ስለ ራሱ የጻፈ ልጅ ወረቀት ደግሞ ጮክ ብሎ አይነበብም፣ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፣ መምህራን ክፍል ውስጥ አይወራበትም። በዚህ አልደራደርም።

«አደፍርስ»ንስ? የሚሉኝ አሉ። የዳኛቸው ወርቁ መጽሐፍ ለዚህ ጉዳይ ወርቅ ነው፤ የተማረው ወጣትና የገጠሩ ሰው የሚጋጠሙበት ነው። ግን ለአሥረኛ ክፍል በጣም ጥልቅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ይጠብቃቸው። ከንባብ ክበባችን ሁለት ልጆች በራሳቸው ጀምረውታል፤ አልከለከልኳቸውም።

አሁን የጎደለኝ አንድ ነገር አለ። እስካሁን የማስነብበው በአማርኛ የተጻፈውን ነው። በሶማሊኛና በኦሮምኛ የተጻፉ፣ ለአሥረኛ ክፍል የሚሆኑ፣ ጥሩ ሆነው ወደ አማርኛ የተመለሱ አጫጭር ልብ ወለዶችና ግጥሞች እፈልጋለሁ። ልጆቹ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ሥነ ቃል ቀድተው እንዲያመጡ ለሚቀጥለው ሴሚስተር አስቤያለሁ፤ ትርጉሙን በየቡድናቸው ይሠሩታል፤ እቤቱ ቋንቋው የሚነገር ልጅ ለቡድኑ አስተማሪ ይሆናል። የታተመ ነገር የምታውቁ ካላችሁ ርዕሱንና የት እንደሚገኝ ጻፉልኝ። ከአምስት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የፎቶ ኮፒ ወጪው ከኪሴ ነው።